የእናቶቻችን ሥራ በአልበማችን ውስጥ የት አለ?

ይህን አምድ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ ልለምናችሁ። የቤተሰባችሁን የፎቶግራፍ አልበም ከቁም ሣጥኑ አውጡና ገለጥ ገለጥ አድርጉት። አልበም የሌላችሁም በስልካችሁ ውስጥ ያከማቻችሁትን ተመልከቱ። ሠርጉ አለ፤ ክርስትናው አለ፤ የልጆቹ ምረቃ አለ፤ የእንቁጣጣሹና የዒዱ አዲስ ልብስ አለ። እናታችሁም አሉ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ከፕላስቲክ አበባው ጎን ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ፈልጉ። እናታችሁ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ቡና ሲቆሉ፣ ሕፃን ሲያጥቡ፣ ዘንቢል አንጠልጥለው ከገበያ ሲመለሱ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ይገኛል? አባታችሁ ሞፈር ሲጠርቡ ወይም ከሥራ ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ የሚያሳይስ? ብዙዎቻችን እንደማናገኝ እገምታለሁ። ወላጆቻችን በዓመት ሁለትና ሦስት ቀን የለበሱት ልብስ በአልበሙ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ ግን የለም።

ይህን ጥያቄ ያመጣሁት ከሰው ቤት አይደለም፤ ከገዛ ቤታችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናታችን ጎባ ከተማ ዐረፉ። ለአርባ ቀኑ መታሰቢያ ፎቶግራፋቸውን አሳድገን ከግድግዳው ላይ ለመስቀል ብንፈልግ ከመታወቂያ ወረቀት ላይ ከተለጠፈች ጉርድ ፎቶግራፍ በቀር ምንም አጣን። እርሷኑ ወስደን አሳደግናት። ምስሉ ሲያድግ ፊታቸው ደበዘዘ፤ ዐይናቸውም የፈራ ሰው ዐይን መሰለ። ከልጅ ልጆቻቸው ሁሉ ታናሹ፣ የስድስት ዓመቱ ልጅ፣ ትክ ብሎ ካየው በኋላ «ይቺ እኮ እማማ አይደለችም። እማማ እንዲህ ዝም ብላ አትቀመጥም» አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ የተቀመጥን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ አቀረቀርን። ልጁ የተናገረው እውነት ነበርና።

ይህ ቃል ከሁላችን ይልቅ በታላቅ እኅቴ ልጅ ልብ ውስጥ ቀረ። በሮቤ ከተማ አስተማሪ ናት። ለመታሰቢያው የተሰበሰበው ዘመድ ከመበተኑ በፊት «አክስቴ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ፎቶግራፍ የማንሣቱ ሥራ የእኔ ነው» አለችኝ። ሙያውን አልተማረችም። ያላት ስልኳና አባቷ ትተውላት ያለፉት አሮጌ ዜኒት ካሜራ ነው፤ ለዜኒቱ ፊልም ማግኘትና ፊልሙንም የሚያጥብ ፎቶ ቤት መፈለግ ዛሬ ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ የምትሠራው በስልኳ ነው። እንዲህ ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር ብለው የሚሠሩትን አማተር እንላቸዋለን። በዚህ አምድ ላይ ልጽፍላችሁ የፈለግሁትም እርስዋ ከተሳሳተችውና ከተማረችው ነው።

ስሕተቷ የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ነበር። ፎቶግራፍ ማለት ብርቅ ነገርን ማንሣት ይመስላት ነበር። ሮቤ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ብርቅ ነገር ሩቅ አይደለም። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎባ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ወደ ሳነቴ አምባ ያደርሳል፤ ከአምባው ላይም ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመውና በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዚያ ነው። ካሜራ ይዞ ወደ ባሌ የሚመጣ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ነው። የእኅቴም ልጅ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ሳነቴ ወጣች። ቀኑን ሙሉ በብርድ ስትንዘፈዘፍ ውላ ይዛ የተመለሰችው በሰፊ ሜዳ መካከል አንዲት ቀይ ነጥብ ነው። «ቀበሮው ለእንግዶቹ ያደላል፤ የእነሱ ካሜራ አፍንጫው ክንድ ያህላል» እያለች ራሷ ስቃ አሳቀችን።

በዚያው ምሽት ወደ ቤቷ ስትገባ በአንዲት ጎረቤቷ ደጃፍ አለፈች። ጎረቤቷ በአካባቢው አነጋገር «አዴ» እያለች የምታከብራቸው፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት ናቸው። በበሩ የሚገባው የማታ ፀሐይ በጉልበታቸውና በእጃቸው ላይ አርፏል፤ እሳቸውም የወተት መናጫውን ቅል ወዲህና ወዲያ እያሉ ይንጣሉ። የእኅቴ ልጅ ስልኳን አወጣች።

«ቆይ ልጄ፣ በዚህ በአሮጌ ቀሚሴ ነው እንዴ? ነጠላ ልልበስና ውጪ ልቁምልሽ» አሏት።

«አይ አዴ፣ እንዲሁ እየናጡ ነው የምፈልገው።»

ሴትዮዋ ቅሉን አቆሙና ትኩር ብለው አዩዋት። «እንግዲያውስ ንገሪኝ፤ ሥራዬን ነው የምታነሺው ወይስ ድህነቴን?» አሏት።

እኅቶቼ! ይህን ጥያቄ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ሊሰማው ይገባል። የእኅቴ ልጅ በዚያ ምሽት አላነሣችም። ስልኳን ከተተችና ከበርጩማው ላይ ተቀምጣ መጠየቅ ጀመረች። ቅሉ ከመናጡ በፊት በወይራ ጭስ እንደሚታጠን፣ ወተቱ እስኪረጋ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ቅቤው መውጣቱ ደግሞ ቅሉ ሳይከፈት ከውስጥ በሚሰማው ድምፅ እንደሚታወቅ ነገሩዋት። በሁለተኛው ቀን እርስዋም አብራ ናጠች፤ ክንዷም ዛለ። በሦስተኛው ቀን «አሁን ላንሣዎት?» አለቻቸው። «አሁንማ ምን እንደምታነሺ ዐውቀሻል» ብለው ፈቀዱላት።

ፎቶግራፉን ከተማ ውስጥ በወረቀት አሳትማ በወሰደችላቸው ጊዜ የሆነውን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴትዮዋ መጀመሪያ የተመለከቱት ፊታቸውን አይደለም፤ ቅሉን የያዙበትን እጃቸውን ነው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «የእናቴ እጅ ነው እኮ! እናቴ ፎቶግራፍ የላትም፤ እጇን ግን ይኸው አየሁት» አሉ።

እንግዲህ ሥራን በማንሣትና ድህነትን በማንሣት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ልዩነቱ በካሜራው ዓይነት አይደለም፤ በልብሱም ማርጀት አይደለም። ድህነትን የሚያነሣ ሰው ያያል፣ ያነሣል፣ ይሄዳል። የሴትዮዋን ስም አያውቅም፤ የምትሠራውንም አይጠይቅም። ሥራን የሚያነሣ ሰው ግን ሥራው ምን ላይ እንደሚጀመርና ምን ላይ እንደሚያበቃ ያውቃል፤ ባለሙያዋ የምትኮራበትን ቅጽበት ይጠብቃል፤ ፎቶግራፉንም መልሶ ለባለቤቱ ይሰጣል። ፈቃድ መጠየቅም የይስሙላ ነገር አይደለም። «አይሆንም» የሚል መልስ ሲመጣ ማክበር ማለት ነው።

ምናልባት «የቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ለቤተሰቡ ካልሆነ ለማን ይጠቅማል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። መልሱን ከታሪካችን ላምጣላችሁ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል እንግሊዛዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1863 ልጇና የልጇ ባል ካሜራ ሲሰጧት ዕድሜዋ 48 ዓመት ነበር። ልጆቿ አድገው ቤቱ ጭር ስላለባት መጫወቻ እንዲሆናት ነው የሰጧት። እርስዋም የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮውን ቤት ስቱዲዮ አደረገችው። ያነሣቻቸው የቤት ሠራተኞችዋን፣ የዘመዶችዋን ልጆችና ጎረቤቶችዋን ነበር። የጊዜው ባለሙያዎች «ምስሏ ይደበዝዛል፤ መስተዋቱ ላይ የጣት አሻራ አለ» እያሉ ይተቿት ነበር።

ይህች ሴት ከእኛ ጋር ምን አገናኛት? በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በጉዞው ላይ ዐረፉ። አባትና እናቱን በአንድ የበልግ ወራት ያጣው ይህ ሕፃን ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር በደረሰ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት ካሜሮን በምትኖርበት ደሴት ላይ አንሥታዋለች። ልዑሉ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ዐረፈ። ዛሬ የዚያን ሕፃን ፊት የምናውቀው በዘመኑ ከተነሡለት ጥቂት ፎቶግራፎች ነው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከዶሮ ቤት ስቱዲዮ የወጡ የአንዲት አማተር እናት ሥራዎች ናቸው። ፎቶግራፎቹን ያየ ሁሉ ዘውድን ሳይሆን ያዘነ ልጅን ያያል። ካሜሮን ከመሣሪያው ይልቅ የልጅን ፊት ማየት ታውቅ ነበርና።

ወደ ባሌ እንመለስ። የእኅቴ ልጅ ከዚያ ምሽት ወዲህ ጋሻና ጦር እንደሚፈልግ አዳኝ መንከራተቷን ትታ የምታነሣውን ከሰፈሯ ማግኘት ጀመረች። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታረስ ምድር ነው፤ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው ወቅት ገና፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው ቦና ይባላል። በቦናው አጨዳ በሲናናና በአጋርፋ ሜዳ ላይ ኮምባይነሮች ስንዴውን ሲያጭዱ ታያላችሁ። የእኅቴ ልጅ ያነሣችው ግን ኮምባይነሩ ካለፈ በኋላ ጎንበስ ብለው ቃርሚያ የሚለቅሙትን ሴቶች ነው። በሌላ ቀን ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤ ታሽቶ ጭኮ እስኪሆን ያለውን ሥራ በስድስት ፎቶግራፍ አስቀመጠችው። የጋሪ ፈረሱን በማለዳ ጉም ውስጥ የሚያጥበውን ወጣት፣ ጥቁር ሰሌዳ የምታጸዳውን የሥራ ባልደረባዋን፣ ኩበት ጠፍጥፋ እጇን በሣር የምትጠርገውን ልጃገረድ አነሣች። ከእነዚህ አንዱም ብርቅ አይደለም። ግን የበሬ ውቂያ በብዙ ሥፍራ ለማሽን ቦታ እንደ ለቀቀ ሁሉ ዛሬ የምናየውም ነገ ላይኖር ይችላልና፣ ሳይጠፋ ማስቀመጡ የእኛ ፈንታ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ እኅቶችና ወንድሞች ከእርስዋ ልምድ የቀሰምኳቸውን ጥቂት ምክሮች ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ብርሃኑን ዕወቁ። በደጋ አገር የቀትር ፀሐይ ኃይለኛ ነው፤ ነጠላውን ያነጣዋል፣ ዐይንንም በጥላ ይሸፍናል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማታም ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ቤት ውስጥ ከሆነ የምትነሣው ሰው ፊቷን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ መልሳ ትሥራ፤ አንሺዋ ከበሩ ጎን ትቁም እንጂ በሩን በጀርባዋ አትጋርደው። ብልጭታው ይጥፋ። የጎጆ ውስጥ ለስላሳ ብርሃን የሚሰጠውን መልክ ብልጭታ አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ከማንሣታችሁ በፊት የስልኩን መስተዋት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ወጥ ቤት ውስጥ የቆየ ስልክ በቅባትና በጭስ ይሸፈናል፤ ፎቶግራፉ ደበዘዘ እያልን የምናማርረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከሩቅ ሆናችሁ በጣት ከማቅረብ ይልቅ በእግራችሁ ቅረቡ። ሠራተኛዋ ተቀምጣ ከሆነ እናንተም ቁጢጥ በሉ። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ሰው የተናቀ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ «እዚህ እዩ፣ ሳቁ» አትበሉ። ሥራው ይቀጥል። ሰው ሥራው ላይ ሲያተኩር ካሜራውን ይረሳል፤ እውነተኛ መልኩም ያን ጊዜ ይወጣል። ፊት ብቻ አይደለም፤ እጅን፣ ዕቃውን፣ ምድጃውን፣ ከበሩ ኋላ የተንጠለጠለውን ጋቢም አንሡ።

አራተኛ፣ አባቶችን አትርሱ። በብዙ ቤት አባት በፎቶግራፍ የሚታየው በወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሕፃኑን አዝሎ ሲያባብል፣ ለልጁ የቤት ሥራ ሲያስረዳ፣ ሚስቱ ስትታመም ሽንኩርት ሲከትፍ አንሡት። ወንድ ልጅ አባቱ በወጥ ቤት ውስጥ የተነሣውን ፎቶግራፍ እያየ ካደገ ሽንኩርት መክተፍ የእኅቱ ዕዳ ብቻ እንዳልሆነ ያለ ስብከት ይማራል።

አምስተኛ፣ በቤታችሁ የምትኖር የቤት ሠራተኛ ካለች ወደ ፎቶግራፉ አስገቧት። በዓል ሲመጣ ሁሉም ተሰብስቦ ስልኩን ለእርስዋ ሰጥቶ «አንሽን» የሚልበት ቤት ጥቂት አይደለም። እንጀራውን የጋገረችው፣ ልጁን ያሳደገችው እርስዋ ሆና ሳለ ከአልበሙ ትቀራለች። አንድ ፎቶግራፍ አሳትማችሁ ብትሰጧት አገር ቤት ላሉት እናቷ ትልካለች።

ስድስተኛና ዋናው፣ ፎቶግራፉን በወረቀት አሳትሙ፤ ጀርባውም ላይ በእርሳስ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ጻፉ። ስልክ ይሰበራል፤ ይሰረቃል፤ ይለወጣል። የሰው ልጅም ይረሳል። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማንም አይሆንም። የሰውን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ላይ ማውጣት ደግሞ ከማንሣቱ የተለየ ነገር ነውና ለእርሱ ለብቻው ፈቃድ ጠይቁ። የልጆች ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

የቤተሰብ ፎቶግራፍ ዋጋው ከቤት አልፎ ለአገርም ታሪክ እንደሚሆን በቅርቡ አይተናል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ጥቂት ወጣቶች ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች አልበም ውስጥ አሮጌ ፎቶግራፎችን ከነታሪካቸው ሰብስበው በ2010 ዓ.ም. ገደማ በመጽሐፍ አሳትመዋል። ያን መጽሐፍ ያቆሙት አማተሮች፣ የሰፈር ፎቶ ቤቶችና ወረቀቱን ከእርጥበት ጠብቀው ያቆዩ እናቶች ናቸው። የሮቤና የጎባ፣ የጎንደርና የደሴ፣ የጅማና የሐረር አልበሞችም እንዲሁ የሚጠብቃቸው ሰው ይሻሉ።

ውድ አንባብያን! ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ወደ ሮቤ ወርጄ የእኅቴን ልጅ አልበም አየሁት። ሞልቷል። ጎረቤቷ አሉ፤ ቃርሚያ ለቃሚዎቹ አሉ፤ እናቷ፣ ማለትም እኅቴ፣ ሊጥ ስታቦካ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆና አለች። ገልጬ ስጨርስ «አንቺስ የት አለሽ?» አልኳት። ደነገጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰውን ሥራ ስታነሣ የእርስዋን ሥራ ያነሣ አልነበረም። ስልኩን ተቀብዬ ለዚያ ለትንሹ ልጅ ሰጠሁት። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እርስዋ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም አነሣት። ግማሽ ግንባሯ ተቆርጧል፤ ጠረጴዛውም ዘምሟል። ግን እርስዋ ናት።

የእናታችን ጉርድ ፎቶግራፍ ዛሬም ጎባ ካለው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የእሳቸውን እጅ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከእንግዲህ ከየትም አናመጣም። የእናንተ እናት ግን ምናልባት ይህን ጋዜጣ በምታነቡበት ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ ናቸው። ተነሡና መጀመሪያ ምን እንደሚሠሩ ጠይቋቸው፤ አግዟቸው፤ ከዚያም አንሷቸው።